የሕፃናት ቁመት በየአገሩ ስለ ምን ተለያየ?

በ12ኛ ክፍል ተማሪ የተጻፈ

የዓለም ታሪክ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ስለ ነገሥታት፣ ስለ ጦርነትና ስለ ድንበር ነው። ስለ ሕፃናት ቁመት የሚጻፍ ታሪክ ግን ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ አንድ ሕዝብ በእውነት እንዴት እንደ ኖረ የሚመሰክር ነገር ቢፈለግ የሁለት ዓመት ልጁን ለክቶ ማየት ይበቃል። በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ምክንያት በሚወጣው በዚህ መጽሔት ላይ እንድጽፍ በተፈቀደልኝ ጊዜ ይህን ጉዳይ የመረጥሁት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ ታሪኩ ራሱ ትምህርት የሚሰጥ ስለ ሆነ ነው፤ ሁለተኛው ግን የቤቴ ጉዳይ ስለ ሆነ ነው። አንባቢ እንዳይሳሳት፣ ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ባለፈው ክረምት አንዳንድ የክፍላችን ተማሪዎች በአቅራቢያችን ወዳለው ጤና ኬላ እየሄድን የሕፃናትን ክብደትና ቁመት በመመዝገብ እንረዳ ነበር። አንድ ቀን ሁለት ዓመት የሞላውን ወንድ ልጇን የታቀፈች እናት መጣች። ልጁ ሳቂታና ንቁ ነበር፤ እናቱም «ታሞ አያውቅም» አለች። በመለኪያው ሳንቃ ላይ ባስተኛነው ጊዜ ቁመቱ 79 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ደኅና ያደገ የሁለት ዓመት ወንድ ልጅ ግን ወደ 88 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ከ82 ሳንቲ ሜትር ገደማ በታች የሆነው «ቀንጭሯል» ይባላል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሰንጠረዡን አይታ «እኅቴ፣ ልጅሽ ለዕድሜው አጥሯል» ባለቻት ጊዜ እናቲቱ ፈገግ ብላ «አባቱም አጭር ነው፤ ምን ይደረግ፣ ዘር ነው» ስትል መለሰች። ተራ የሚጠብቁት እናቶች ሁሉ ሳቁ። ነገሩ እውነት መስሎኝ ነበርና እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ማታ ቤት ከገባሁ በኋላ ግን ነገሩ አላስተኛኝ አለ። በማግሥቱ ሁለት ዓመት የሞላትን ታናሽ እኅቴን በግድግዳ ላይ አስደግፌ ለካኋት። እርስዋም ከመስመሩ በታች ሆና ተገኘች። በቤታችን እንጀራ ታጥቶ አያውቅም፤ እኅቴም ተርባ ስታለቅስ አይቼ አላውቅም። ታዲያ ይህ ምን ማለት ነው? እውነት ዘር ነውን? ይህን ጥያቄ ይዤ ያነበብሁትን ነው እነሆ የምጽፈው።

አስቀድሞ የቃላቱን ትርጉም ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ሰው ሁሉ «የተራበ ሕፃን» ሲባል በዐይነ ልቡናው የሚታየው አጥንቱ የወጣ፣ ቆዳው የተሸበሸበ ልጅ ነው። ይህ መቀጨጭ ይባላል፤ በአጭር ጊዜ በሚደርስ የምግብ እጦትና በበሽታ የሚመጣ ነው። መቀንጨር ግን ሌላ ነው። የቀነጨረ ልጅ የከሳ አይመስልም፤ የሚያጥረው ለዕድሜው ነው። የመንደሩ ልጆች ሁሉ እንደ እርሱ ያጠሩ እንደ ሆነ ደግሞ ማንም ልብ አይለውም። እነዚህን ሁለቱን በግልጽ ለይቶ ለየብቻ እንዲለኩ ያመለከተው ጆን ዋተርሎ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ነው፤ ይህም በ1972 ነበር። ከዚያ በፊት ልጆች በክብደታቸው ብቻ ስለሚመደቡ አጭሩና ቀጭኑ ይቀላቀሉ ነበር።

የዓለም የጤና ድርጅትና ተባባሪዎቹ ባወጡት መግለጫ መሠረት በ2024 ከአምስት ዓመት በታች ካሉት የዓለም ሕፃናት 150 ሚሊዮን ያህሉ የቀነጨሩ ነበሩ፤ ይኸውም ከ100 ሕፃናት 23 ማለት ነው። የቀጨጩት ደግሞ ወደ 43 ሚሊዮን ይደርሱ ነበር። ነገር ግን ይህ ሸክም ለአገሮች እኩል አልተከፋፈለም። በቡሩንዲ በ2016 እና በ2017 በተደረገው ጥናት ከ100 ሕፃናት 56ቱ ቀንጭረው ተገኝተዋል። ሕፃናት ሁሉ በሚገባ በሚያድጉበት አገር ግን ከ100 ልጆች በተፈጥሮ አጭር ሆነው ከመስመሩ በታች የሚገኙት ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ናቸው። ከሦስት እስከ 56 ያለው ይህ ትልቅ ርቀት ከየት መጣ?

«ዘር ነው» የሚለውን መልስ በመጀመሪያ እንመርምር። ታሪክ በዚህ መልስ ላይ ሦስት ምስክሮች ያቀርባል።

የመጀመሪያዋ ምስክር አውሮፓ ናት። የሆላንድ ሰዎች ዛሬ በቁመታቸው ከዓለም ሕዝቦች ሁሉ ፊት ከሚሰለፉት ወገን ናቸው። ሆኖም በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ለውትድርና ይመዘገቡ የነበሩት ወጣቶቻቸው በአማካይ ከ165 ሳንቲ ሜትር ብዙ አይበልጡም ነበር። እንግሊዝም በደቡብ አፍሪካ ከ1899 እስከ 1902 በተዋጋች ጊዜ ለወታደርነት ከቀረቡት ሰዎች እጅግ ብዙዎቹ በሰውነታቸው ድካም ምክንያት ተመለሱ። በዚያን ጊዜ «የሕዝባችን ዘር እየደከመ ነው» የሚሉ ሰዎች ተነሡ። ጉዳዩን እንዲመረምር የተቋቋመው ኮሚቴ ግን በ1904 ባቀረበው መግለጫ ጥፋቱ የዘር ሳይሆን የድኽነት፣ የቆሻሻ መኖሪያና የመጥፎ አመጋገብ መሆኑን ገለጸ። ከሁለት ዓመትም በኋላ ለተማሪዎች ምግብ እንዲሰጥ የሚፈቅድ ሕግ ወጣ። የእነዚያ አጭር ወታደሮች የልጅ ልጆች ያው የቀድሞው ዘር ናቸው፤ የተለወጠው ግን ኑሮው ነው።

ሁለተኛዋ ምስክር ኮርያ ናት። የኮርያ ሕዝብ አንድ ቋንቋ የሚናገር አንድ ሕዝብ ነው። አገሩ በ1945 ለሁለት ከተከፈለ በኋላ ግን ሁለቱ ወገኖች የተለያየ ኑሮ ኖሩ። በሰሜኑ በ1990ዎቹ ዓመታት ታላቅ ረኀብ ሆነ፤ በ1998 በተደረገው ጥናት ከ100 ሕፃናት 62ቱ ቀንጭረው ተገኙ። በደቡቡ ግን ትውልድ በትውልድ ላይ እየረዘመ ሄደ። በሰሜንም ቢሆን ኑሮው ጥቂት በተሻሻለ ጊዜ በ2017 ቁጥሩ ወደ 19 ወርዷል። ዘር በሃያ ዓመት ውስጥ አይለወጥም።

ሦስተኛው ምስክር ከሁሉ ይበልጣል። የዓለም የጤና ድርጅት ከ1997 እስከ 2003 በስድስት አገሮች፣ ይኸውም በብራዚል፣ በጋና፣ በህንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ፣ ከ8,000 በላይ ሕፃናትን አስለካ። የተመረጡት እናቶቻቸው የማያጨሱ፣ የእናት ጡት የጠቡ፣ ሕክምናና ንጹሕ ውሃ ያልተለያቸው ልጆች ነበሩ። ውጤቱ እጅግ የሚያስደንቅ ሆነ። የአክራ ልጅ፣ የዴልሂ ልጅና የኦስሎ ልጅ በአንድነት ተካክለው አደጉ። በልጆቹ ቁመት መካከል ከታየው ልዩነት በአገር ምክንያት የመጣው ከ100 እጅ ሦስት ያህል ብቻ ሲሆን 70 እጁ ግን በአንድ ከተማ በሚኖሩ ልጆች መካከል ያለ የግል ልዩነት ነበር። በጤና ኬላው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ያየሁት ሰንጠረዥ በዚህ ጥናት መሠረት በ2006 የወጣ ነው። እንግዲህ በሰንጠረዡ ላይ ያለው መስመር የፈረንጅ ልጅ መስመር ሳይሆን የሰው ልጅ መስመር ነው። በእርግጥ የአባትና የእናት ቁመት በአንድ ልጅ ላይ ይታያል፤ ነገር ግን የአንድ አገር ልጆች ግማሽ ያህሉ ሲያጥሩ በዘር ማሳበብ አይቻልም።

ዘር ካልሆነ ምግብ ነው ማለት ነው፤ ይህም እውነት ነው። ዳሩ ግን «ምግብ» የሚለው ቃል ብቻውን ሊቃውንቱን ሳይቀር ለብዙ ዓመታት አሳስቷል። ታሪኩ የሚጀምረው ዛሬ ጋና በምትባለው በጎልድ ኮስት ነው። በጃማይካ የተወለደችው ሐኪም ሲስሊ ዊልያምስ በዚያ ትሠራ በነበረችበት ጊዜ ከአንድ እስከ አራት ዓመት በሆናቸው ሕፃናት ላይ አንድ በሽታ አየች። እግራቸውና እጃቸው ያብጣል፣ ቆዳቸው ይላጣል፣ ከዚያም ብዙዎቹ ይሞታሉ። ሌሎች ሐኪሞች «ይህ ቀድሞ የታወቀ በሽታ ነው» ብለው ተከራከሩአት። እርስዋ ግን የአገሩን ሴቶች ስለ በሽታው ጠየቀች። በጋ ቋንቋ «ክዋሾርኮር» ይሉታል፤ ትርጓሜውም ተከታዩ ልጅ ሲወለድ የቀድሞውን የሚይዘው በሽታ ማለት ነው። እናቶቹ ምክንያቱን በስሙ ውስጥ አስቀምጠውት ነበር። ልጁ ታናሹ ሲመጣበት ከጡት ይነሣል፤ በእናቱ ወተት ፈንታም የበቆሎ ገንፎ ብቻ ይሰጠዋል። ሲስሊ ዊልያምስ በሽታውን በ1933 ጻፈችው፤ በ1935ም በዚያው በአገሩ ስም ጠራችው። በዚህ ነገር ከሁሉ የሚያስደስተኝ አንድ የተማረ ሰው ያልተማሩ እናቶችን ጠይቆ ማወቁ ነው።

ከዚህ በኋላ ግን ሊቃውንቱ ወደ አንድ ወገን አዘነበሉ። «ለድኻ አገሮች ሕፃናት የጎደለው ፕሮቲን ነው» ተባለ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ1955 የፕሮቲን አማካሪ ጉባኤ አቋቋመ፤ በ1960ዎቹም የዓሣ ዱቄትና ሌላም ልዩ ልዩ ዱቄት በየፋብሪካው ይሠራ ጀመር። በ1974 ግን ዶናልድ ማክላረን የተባለ ሐኪም ይህ ሁሉ ታላቅ ስሕተት እንደ ሆነ በግልጽ ጻፈ። ብዙው ልጅ የጎደለው ፕሮቲን ብቻ አልነበረም፤ ጠቅላላው ምግብ ራሱ አንሶት ነበር። ከዚህም በላይ በተቅማጥና በትኩሳት የሚታመም ልጅ የበላው ሁሉ አይረባውም። ስለዚህ የልጁን ዕድገት የሚጠብቁት ምግቡ፣ ውሃው፣ መጸዳጃ ቤቱ፣ ሕክምናውና የእናቲቱ ጊዜ በአንድነት ሲሆኑ ነው። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ሌላው ብቻውን አይበቃም።

ሌላም የተገኘ ትምህርት አለ፤ እርሱም ስለ ጊዜ ነው። ከ1969 እስከ 1977 በመካከለኛው አሜሪካ በምትገኘው በጓቲማላ አራት መንደሮች ተመርጠው ጥናት ተደረገ። በሁለቱ መንደሮች ፕሮቲንና ኃይል ያለው አጥሚት የመሰለ መጠጥ ለፈለገ ሁሉ ይሰጥ ነበር፤ በሁለቱ ደግሞ ፕሮቲን የሌለው ጣፋጭ መጠጥ ይሰጥ ነበር። ሕክምናው ለአራቱም እኩል ነበር። አጥሚቱ የጠቀመው ገና ሦስት ዓመት ያልሞላቸውን ልጆች ሆነ፤ ከዚያ በኋላ የጀመሩት ግን በቁመታቸው ያገኙት ጥቅም አልታየም። ሠላሳ ዓመት ገደማ ካለፈ በኋላ ተመራማሪዎች እነዚያኑ ልጆች ጎልማሶች ሆነው አገኙአቸው። እስከ ሁለት ዓመታቸው አጥሚቱን ያገኙት ወንዶች የሰዓት ደመወዛቸው ከሌሎቹ በ46 በመቶ ያህል በልጦ ተገኘ፤ ሴቶቹም በትምህርት ከአንድ ክፍል በላይ ገፍተው ነበር። እንግዲህ ቁመት የሚለካው ስለ ቁመት ብሎ አይደለም። ሰው አጭር ስለ ሆነ አይናቅም፤ ብዙ ታላላቅ ሰዎች አጫጭር ነበሩ። ነገር ግን አጥንቱ እንዳያድግ ያደረገው ጉድለት በዚያው ወራት በሚሠራው አንጎል ላይም ይደርሳል። መስመሩ ምልክት ነው እንጂ በሽታው ራሱ አይደለም።

እዚህ ላይ አንባቢ «ታዲያ ሀብታም አገር ልጆቹን ያሳድጋል፣ ድኻ አገር ያቀነጭራል፤ ነገሩ ይኸው ነው» ሊል ይችላል። በብዙው እውነት ነው፤ ግን ፈጽሞ እውነት አይደለም። ያ ጥናት የተደረገባት ጓቲማላ ራሷ ለዚህ ማስረጃ ናት። ከጎረቤቷ ከሆንዱራስ ይልቅ ሀብት ያላት ጓቲማላ ናት። ሆኖም በ2014 እና በ2015 በጓቲማላ ከ100 ሕፃናት 47 ያህሉ ሲቀነጭሩ በሆንዱራስ በ2011 እና በ2012 የተቆጠሩት 23 ነበሩ። በጓቲማላ ውስጥ ከነባሮቹ ሕዝቦች ልጆች 58ቱ ቀንጭረው ነበር፤ ምክንያቱም መንገዱ፣ ትምህርት ቤቱና ሐኪሙ ወደ እነርሱ ተራራ ዘግይቶ ስለሚደርስ ነው። ለዓለም ሁሉ እውቀቱን ያስገኘው መንደር ባለበት አገር እውቀቱ ለብዙዎቹ ልጆች አልደረሰም። በአህጉራችንም ቢሆን ነዳጅ ዘይት ያላት ናይጄርያ በ2018 ከ100 ሕፃናት 37 ሲቀነጭሩባት ከእርስዋ ያነሰ ሀብት ያላት ሴኔጋል በ2019 ያስቆጠረችው 18 ያህል ብቻ ነበር። ስለዚህ ሀብት ብቻውን ልጅ አያሳድግም፤ ሀብቱ ወደ ማን ቤት እንደ ደረሰም መጠየቅ ያስፈልጋል።

አሁን ደግሞ ርቀቱን ያጠበቡትን አገሮች እንይ። በብራዚል በ1974 እና በ1975 ከ100 ሕፃናት 37ቱ የቀነጨሩ ነበሩ፤ በ2006 እና በ2007 ግን 7 ብቻ ቀሩ። ነገሩን የመረመሩት ሊቃውንት ያገኟቸው ምክንያቶች አራት ናቸው፤ እነርሱም የእናቶች ትምህርት፣ የድኻው ቤተ ሰብ የመግዛት ዐቅም መጨመሩ፣ ሕክምና ወደየመንደሩ መድረሱ፣ የቧንቧ ውሃና የቆሻሻ ማስወገጃ መስፋፋቱ ናቸው። ከአራቱ አንዱም ተአምር የሚባል አይደለም።

የፔሩ ታሪክ ደግሞ ልዩ ትምህርት አለው። በፔሩ ለብዙ ዓመታት ወተትና ምግብ ለድኾች ይታደል ነበር፤ የቀነጨሩት ቁጥር ግን ብዙም አልቀነሰም። በ2006 ለፕሬዚዳንትነት የሚወዳደሩት ሰዎች ከምርጫው በፊት አንድ ቃል ኪዳን እንዲፈርሙ ተጠየቁ፤ ይኸውም በአምስት ዓመት ውስጥ ዕድሜያቸው ከአምስት በታች በሆኑ ልጆች ላይ ያለውን መቀንጨር ከመቶ በአምስት እጅ ለመቀነስ ነው። ቃሉ አጭርና ሊቆጠር የሚችል ስለ ነበረ በኋላ ሊካድ አልቻለም። መንግሥት ልጆቻቸውን ለክትትል ለሚያመጡ ድኻ እናቶች ገንዘብ ሰጠ፤ የየአውራጃው በጀትም በውጤቱ ተመዘነ፤ ለእናቶችም ልጃቸው በዕድሜው ምን ያህል መርዘም እንደሚገባው ታያቸው። በ2008 ከ100 ሕፃናት 28 የነበሩት በ2016 ወደ 13 ወረዱ። ቀድሞ የፔሩ እናት እንደዚያች በጤና ኬላው እንዳየኋት እናት «ዘር ነው» ትል ነበር ቢባል አይደንቅም፤ የተራራው ሕዝብ ሁሉ አጭር ነበርና።

በእስያ ደግሞ ባንግላዴሽ ትጠቀሳለች። በ1971 በጦርነትና በጥፋት መካከል ነጻ በወጣች ጊዜ ብዙ ሰው ተስፋ ያላደረገባት አገር ነበረች። በ2004 ከ100 ሕፃናት 51ዱ ቀንጭረው ነበር፤ በ2022 ግን 24 ሆኑ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሴቶች ልጆች በብዛት ተማሩ፣ ቤተ ሰብ የሚወልደው ልጅ ቁጥር አነሰ፣ በየመንደሩ መጸዳጃ ቤት ተቆፈረ፣ ሴቶችም የራሳቸውን ገንዘብ መያዝ ጀመሩ። በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ በብራዚልም በባንግላዴሽም ተደጋግሞ የሚመጣው የእናት ትምህርት ነው። እናት ፊደል ስትቆጥር ልጅ ቁመት ይጨምራል ብንል ማጋነን አይሆንም።

ወደ አገራችን እንመለስ። ዓለም ኢትዮጵያን በ1973 እና በ1984 በደረሱት የረኀብ ዘመናት ያወቃት በከሳው ሕፃን ፎቶግራፍ ነው። ይህ የማይረሳ ኀዘን ነው፤ ሆኖም ፎቶግራፍ ያልተነሣው፣ በጥጋብም ዘመን ያልቀረው መቀንጨር ነው። በአገራችን ሥራው የተጀመረው ዛሬ አይደለም። በ1962 በስዊድን መንግሥት ርዳታ የሕፃናት ምግብ ጥናት ክፍል በአዲስ አበባ ተቋቁሞ ነበር፤ ወላጆቻችን የሚያውቁት ፋፋ የተባለው የሕፃናት ዱቄትም ከዚያ የወጣ ነው። ስሙ እንዴት ያለ መልካም ስም ነው! ፋፋ ማለት ደኅና አደገ፣ ሰውነቱ ሞላ ማለት ነውና። በ2003 ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ተጀምሮ ሴቶች ሠራተኞች በየቀበሌው ተመደቡ። በ2000 ከ100 ሕፃናት 58ቱ የቀነጨሩ ነበሩ፤ በ2016 ቁጥሩ 38፣ በ2019ም 37 ሆነ። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፤ ነገር ግን ከሦስት ልጆች አንዱ ከሚበልጠው ገና ከመስመሩ በታች ነበረ። በ2015 መንግሥት በሰቆጣ ስም በተጠራው ቃል ኪዳን ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ ያለውን መቀንጨር እስከ 2030 ለማጥፋት አስታውቋል። ከፔሩ የምንማረው እንዲህ ያለው ቃል ዋጋ የሚኖረው በየዓመቱ ሲቆጠርና ሲጠየቅ መሆኑን ነው።

አንድ ነገር ግን እጅግ አሳሰበኝ። በ2016 በተደረገው ጥናት ከክልሎች ሁሉ ብዙ የቀነጨሩ ሕፃናት የተገኙት በአማራ ክልል ሲሆን ቁጥራቸውም ከ100 ልጆች 46 ነበር፤ በአዲስ አበባ ግን 15 ነበሩ። ከጎጃም የሚጫነው ጤፍ አዲስ አበባን ይመግባል፤ እህሉን የሚያበቅለው ገበሬ ልጅ ግን ከሚበላው ከተሜ ልጅ ያነሰ ያድጋል። ይህን እንቆቅልሽ የሚፈታ አንድ ሌላ ቁጥር በዚያው ጥናት አለ። ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ካሉት የኢትዮጵያ ሕፃናት በዓይነቱም በመጠኑም የሚገባውን ምግብ የሚያገኙት ከ100 ሰባት ብቻ ነበሩ። እንግዲህ ጎተራው ሞልቶ ልጁ ሊቀነጭር ይችላል። ለትንሽ ሆድ እንጀራና ቀጭን አጥሚት ብቻውን አይበቃም፤ ወተት፣ እንቁላል፣ ምጥን ዱቄት፣ ጎመን፣ ፍራፍሬ ያስፈልገዋል። እነዚህም በብዙ ቤት አሉ፤ ነገር ግን ወደ ገበያ ይሄዳሉ፤ ከተረፉም ለእንግዳና ለአባወራ ይቀርባሉ።

ሁለተኛውን ምክንያቴን አሁን ልግለጽ። እኅቴን ለክቼ ለእናቴ በነገርኋት ጊዜ እማዬ «አንተን ማን ለክቶህ አደግህ?» አለችኝ። ለዚህ ምን መልስ አለኝ? በሰልፍ ጊዜ ከክፍላችን ወንዶች ሁሉ ፊት የምቆመው እኔ መሆኔን ጓደኞቼ ያውቃሉ። እስከ ዘንድሮ ድረስ ምክንያቱን ጠይቄ አላውቅም ነበር። እናቴን አልወቅሳትም። እርስዋ የትኛውን ምግብ፣ በየትኛው ወር የሚል ትምህርት የሰጣት ሰው አልነበረም፤ በእጇ ያለውን ሁሉ ሰጥታ አሳድጋኛለች። እኔም በዚህ ትምህርት ቤት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሻለሁና አልተበደልሁም። ይሁን እንጂ ያልተለካ ነገር እንደሌለ ይቆጠራል። የአንድ ሰፈር ልጆች ሁሉ ካጠሩ ማነጻጸሪያ አይገኝምና ጉዳቱ ተፈጥሮ ይመስላል።

ባለፈው ኅዳር ወር ታናሽ ወንድም ተወልዶልኛል። በግንቦት ስድስት ወር ይሞላዋል። እስከዚያ ድረስ ከእናቱ ጡት በቀር ውሃም ቢሆን እንዳይሰጠው እማዬ ተስማምታለች። ሦስት ዶሮዎች አሉን፤ እንቁላላቸው በየቅዳሜው ተሸጦ ዘይትና ሳሙና ይገዛበት ነበር። አባቴ ነገሩን ሁለት ቀን ካሰበበት በኋላ «የአንደኛዋ ዶሮ እንቁላል ከእንግዲህ ለልጆቹ ይሁን» ብሏል። ግድግዳው ላይም በእርሳስ መስመር አስምሬአለሁ።

ውድ የክፍል ጓደኞቼ ሆይ! በቅርብ ጊዜ ከዚህ ትምህርት ቤት ወጥተን እንበተናለን። አንዳንዳችን መምህር፣ አንዳንዳችን ሐኪም፣ ሌሎቻችን ገበሬ ወይም የቢሮ ሠራተኛ እንሆናለን፤ አብዛኞቻችንም አባትና እናት እንሆናለን። በአገሮች መካከል ያለው የሕፃናት ቁመት ልዩነት በደም የተጻፈ ዕጣ እንዳልሆነ ታሪክ ያሳየናል። ሰው ያመጣው ልዩነት ነው፤ ያጠበቡትም ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ከእንግዲህ ወዲህ በሄድንበት ሁሉ አንዲት እናት «ዘር ነው» ስትል ብንሰማ አብረን አንሳቅ። አጠገቧ ተቀምጠን ልጁ ስንት ወር እንደ ሆነውና ዛሬ ምን እንደ በላ እንጠይቃት።